ከጣሪያ የወረደው ጎማ

እግሩ የተሰበረ የተማሪ ዴስክ በትከሻ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ለአንድ የፊዚክስ መምህር ክብር የሚመጥን ነገር አይደለም። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ግን ያን ቀን ወገቤን ብሎ ተኝቶ ስለነበር፣ ዴስኩን ራሴ ተሸክሜ ዳገቱ ራስ ላይ ወዳለችው በያጅ ዘንድ ሄድኩ። ስለ ክብደትና ስለ ሚዛን ለተማሪዎቼ የምነግረውን ሁሉ ያን ዕለት ትከሻዬ በራሱ መንገድ ሲያስተምረኝ ነበር።

በያጇ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በማዕረግ የተመረቀች፣ የአባቷን ግቢ ግማሹን ወስዳ ወርክሾፕ ያደረገች ሴት ናት። ግቢውን ከሰው ቁመት በላይ የሆነ የግንብ አጥር ይከበዋል፤ ከአጥሩ ወዲያ መንገዱ ከታች እየታጠፈ ይወጣል። በረንዳው ላይ የተቀመጠ ሰው መንገዱን አያይም፤ የሚያልፉትን ረጃጅም መኪኖች ጣሪያ ብቻ ያያል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ይፈለጋል።

ስገባ የእናቶችና ሕፃናት ጤና ጣቢያ የሚገለገልባት ነጭ የመስክ መኪና በግቢው መሀል ቆማለች። አጠገቧ አባትና ልጅ ተፋጠዋል። አባትየውን በሰፈራችን የማያውቅ የለም። የጤና ጣቢያው ሾፌር ናቸው፤ አዋላጇን ይዘው መንገድ ባለበትም በሌለበትም ሲመላለሱ ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቷቸዋል። ከአራቱ ጋር እኩል የሆነውን ትልቁን ትርፍ ጎማ ሁልጊዜ መኪናዋ ጣሪያ ላይ፣ ፖርቶመጋላ በምንለው የብረት ዕቃ መጫኛ ላይ አስረው ስለሚሄዱ፣ ስማቸው ቀርቶ «ባለ ጎማው» ይባላሉ። እሳቸውም በዚህ ስም ሲጠሩ ደስ ይላቸዋል።

«እንኳን መጡ፣ መምህር» አሉኝ በግራ እጃቸው ዴስኩን ደገፍ እያደረጉልኝ። «እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ እስቲ ይፍረዱን። እኔ ደንበኛ ነኝ። ይህች ባለሙያ ደግሞ ደንበኛዬን አላስተናግድም ብላለች።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የፖርቶመጋላው አንደኛው እግር ተሰንጥቋል። ባለ ጎማው እንዲበየድላቸው ይፈልጋሉ። ልጃቸው ደግሞ ጎማው ተመልሶ እዚያ የሚወጣ ከሆነ አልነካውም ብላለች።

«በዚህ ዓመት ይኸኛው ሦስተኛው ነው፣ አባዬ» አለች። «ጥፋቱ የብረቱ አይደለም። አርባ ኪሎ ጎማ በኮረኮንች ላይ ቀኑን ሙሉ ሲደልቀው ምን ያድርግ?»

እኔ ፍረድ ሲሉኝ ዝም ማለት የማላውቅ ሰው ነኝ። ወዲያው አንድ ጣውላ አነሳሁና በአንድ ጎኑ ደግፌ አዘነበልኩት። የምሳ ዕቃዬን ቁልቁለቱ ላይ አቆምኩና ከክዳኑ ላይ አንድ ከባድ ብረት ደረብኩበት። ከባድ ነገር ከፍ ባለ ቁጥር መኪና በጎን ተዳፋት ላይ ቶሎ ለመገልበጥ እንደምትቀርብ፣ ይኸው ክብደት ዝቅ ቢል ግን መሬቱን ቆንጥጣ እንደምትይዝ በሰፊው አስረዳሁ። ጣውላውን ትንሽ ከፍ ሳደርገው የምሳ ዕቃዬ እንደተመኘሁት ተገለበጠ። ክዳኑም አብሮ ተከፈተና ምሳዬ መሬት ላይ ተደፋ።

ባለ ጎማው ምሳዬን በሐዘኔታ ተመለከቱት።

«የሚሉት እውነት ይሆናል፣ መምህር። እኔ ግን ይህችን መኪና ሃያ ሁለት ዓመት ስነዳ አንድ ቀን እንኳ ምሳዬ ተደፍቶብኝ አያውቅም» አሉ።

 ጣውላዬን ወደ ቦታው መልሼ ዴስኬ አጠገብ ቆምኩ።

ሽማግሌውን ግትር ናቸው ብሎ ማለፍ ግን ግፍ ይሆናል። ጎማውን ጣሪያ ላይ ያወጡት በዘፈቀደ አልነበረም። መኪናዋ አዲስ ሳለች ትርፍ ጎማዋ ከሆዷ ሥር፣ በኋላ በኩል ነበር የሚንጠለጠለው። አንድ ቀን አሸዋማ ወንዝ ሲሻገሩ የኋላ ጎማዋ ተቀደደና እስከ ሆዷ ሰመጠች። ትርፉ ጎማ አለ፤ ግን መኪናዋ ተቀምጣበታለች። እሱን ለማውጣት ስድስት ሰዓት ሙሉ በእጃቸው አሸዋ ሲዝቁ ዋሉ። በማግስቱ ጎማውን ከሥር ፈትተው ጣሪያ ላይ አሰሩት፤ ይኸው ሃያ ዓመት ሆነው። ልጃቸው ይህን ታሪክ ስትሰማው ስላደገች፣ ወደ ሥር ይመለስ የሚል ሐሳብ እንደሌላት አስቀድማ ተናገረች።

«ታዲያ የት ልታደርጊው ነው? ጭንቅላቴ ላይ?» አሉ አባቷ።

ከዚያ በኋላ የተባለውን ሁሉ ብጽፈው ወረቀት አይበቃኝም። መኪናዋን እየዞሩ ቦታ በቦታ ተከራከሩ። ኮፈኑ ላይ ይሁን እንዳይባል የሾፌሩን ዓይን ይጋርዳል፤ በጠባብ መንገድ ሕፃን ከፊት ቢገባ አይታይም። በዚህ ሁለቱም ተስማሙ። ውስጥ ይሁን እንዳይባል የውስጡ ቦታ የታካሚ አልጋ ነው፤ ደግሞም በደንብ ያልታሰረ ጎማ መኪናዋ ድንገት ስትቆም ተሳፋሪው ላይ ይመጣል። በዚህም ተስማሙ። የኋላው በር ላይ ይንጠልጠል ሲባል ባለ ጎማው ሳቁ። አንድ የሚያውቁት ሾፌር ጎማውን በሩ ላይ ሰቅሎ ማጠፊያው እንደላላበት፣ አሁን በሩን በገመድ አስሮ እንደሚሄድ አወሩ። እዚህ ላይ በያጇ እጇን ወደ ኪሷ ሰደደችና አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች።

በእርሳስ በጥንቃቄ የተሠራ ንድፍ ነው። ጎማውን የሚሸከመው በሩ አይደለም። ከኋላ ባለው መከላከያ ብረት ላይ የቆመ፣ እንደ ግቢ በር ወደ ጎን የሚከፈት ወፍራም የብረት ክንድ ነው። መከላከያው ደግሞ ከመኪናዋ አጥንት፣ ከሻንሲው ጋር በብሎን ይታሰራል። ስለዚህ ክብደቱ ሻንሲው ላይ ያርፋል፤ የበሩ ማጠፊያ ምንም አይሸከምም። የጤና ጣቢያው ኃላፊም አይተውት ይሠራ ብለው ከግርጌው ፈርመውበታል።

ባለ ጎማው ወረቀቱን ተቀብለው ከዓይናቸው ራቅ አድርገው አዩት። የጠየቁትን ስሰማ ምነው ተማሪዎቼ እንዲህ በጠየቁኝ ብዬ ቀናሁ። አዋላጇ አልጋውን ለማውጣት ስትቸኩል ሁለት ነገር ልትከፍት ነው? ተዳፋት ላይ ስንቆም ክንዱ ተመልሶ ቢመታትስ? የኋላ መብራቱንና ታርጋውን አይሸፍንም? ከወንዝ ዳር ስንወጣ የመኪናዋ ጅራት መሬት አይነካም?

ልጅቷ አንድ በአንድ መለሰች። ክንዱ በአንድ እጀታ ይለቀቃል፤ ከተከፈተ በኋላ ራሱን የሚይዝበት መቆለፊያ አለው። ሲዘጋ እንዳይንኳኳ የጎማ ትራስ ይደረግለታል። መብራቱና ታርጋው ወደ ጎን ይዛወራሉ። ሌባ እንዳይፈታው ጎማውን ከሚያስሩት ዳዶዎች አንዱ በቁልፍ የሚከፈት ይሆናል። የአዋላጇ ሥራ በአንድ እጀታ መጨመሩን፣ ጅራቷም መርዘሙን ግን አልካደችም።

«እሱ እውነት ነው» አለች። «ወንዝ ዳር ላይ ከበፊቱ ቀስ ብለህ ነው የምትወጣው። እንከን የሌለው ቦታ የለም፣ አባዬ። እኔ የምልህ የጣሪያው እንከን በዝቷል ነው።»

ባለ ጎማው ወረቀቱን እንደነበረ አጥፈው መለሱላት።

«ንድፍሽ ጥሩ ነው» አሉ። «ለሌላ መኪና ይሆናል። የኔን ግን እንደነበረች በይጂልኝ።»

ግራ ገባኝ። ክርክሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ከመምህርነት ዘመኔ ያተረፍኩት አንድ ነገር ቢኖር ግን ይህ ነው፦ ሰው የጠየቀው ሁሉ ተመልሶለት አሁንም እምቢ ካለ፣ ዋናውን ምክንያት ገና አልተናገረውም። ልጅቷም ይህን ያጣችው አልመሰለኝም።

«እሺ፣ እበይድልሃለሁ» አለች ረጋ ብላ። «ጎማው እላዩ ላይ ሆኖ ግን መበየድ አይቻልም። አውርድልኝ።»

ላግዛቸው ብዬ እጅጌዬን መሰብሰብ ስጀምር በዓይኗ አስቆመችኝ።

ባለ ጎማው በኋላው መሰላል ወጡ። ዳዶዎቹን በግራ እጃቸው ፈቱ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጎማውን በሁለት እጃቸው ያዙና አነሱት። አንድ ስንዝር ያህል ተነሳ፤ ቀኝ ትከሻቸው ከዳቸውና ተመልሶ ወደቀ። እንደገና ሞከሩ። ሦስተኛ አልሞከሩም። እጃቸውን ጎማው ላይ እንደጫኑ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው ቆሙ።

«ብርድ መትቶኝ ነው» አሉ ወደ እኛ ሳይዞሩ።

ልጅቷ ጓንቷን አውልቃ መሰላሉን ወጣችና የፖርቶመጋላው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አባቷም ቆየት ብለው ተቀመጡ። ጎማው በመሀላቸው ነው። እኔ ከታች ዴስኬን ተደግፌ ቀረሁ። ትቶ መሄድም ቆሞ መስማትም ነውር መሰለኝ፤ ከሁለቱ መስማቱን መረጥኩ።

«አዋላጇ ነግራኛለች» አለች ልጅቷ።

ሽማግሌው አቀረቀሩ። ነገሩን ቀስ በቀስ ከንግግራቸው ተረዳሁት። ከሦስት ሳምንት በፊት ምጥ የያዛት እናት ከኋላ ተኝታ ሳለ መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ። ባለ ጎማው ጣሪያ ላይ ወጥተው ትርፉን ማውረድ አቃታቸው። ሲታገሉ ቆይተው በመጨረሻ ተጣሩ። አዋላጇ የወላዷን እጅ ለቃ ጣሪያ ላይ ወጣች፤ ለሁለት ተጋግዘው አወረዱት። ሕፃኑ ጤና ጣቢያው በር ላይ፣ መኪናዋ ውስጥ ተወለደ። እናቱም እሱም ደህና ናቸው። ባለ ጎማው ግን አዋላጇን ለማንም እንዳትናገር አስምለዋት ነበር። እሷም ሁለት ሳምንት ታግሳ መሐላዋን አፈረሰች።

«ምናለ ዝም ብትል» አሉ። «ጎማ መቀየር የማይችል ሾፌር ማን ያስቀምጣል? ጡረታዬ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። ጎማውን ዝቅ አድርጉልኝ ካልኩ አቃተኝ ብዬ መፈረሜ አይደለም ወይ?»

«አባዬ፣ ጎማው ይውረድ ያልኩት አንተ እንድትወርድ አይደለም። መሪው ላይ እንድትቆይልኝ ነው። ወገብህ ጋ ከሆነ ብቻህን ታወርደዋለህ፤ ማንንም አትጣራም። እዚህ ከቆየ ግን፣ ሌላ ቀን አዋላጇ የማንን እጅ ለቃ ነው የምትወጣልህ?»

ባለ ጎማው ይህን ሲሰሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያቺ እናት ከኋላ ሆና ስትጣራ የሰሙትን ድምፅ እንደገና የሰሙ መሰለኝ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንዲት እናት አልዘገየችባቸውም፤ በዚያች ቀን ግን አዘግይተዋት ነበር።

«አውቃለሁ» አሉ በመጨረሻ። «እሱን ማታ ማታ አስበዋለሁ። ግን እናትሽስ?»

ሚስታቸው ካረፉ ሦስት ዓመት ሆኗል። በሕይወት ሳሉ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ባላቸውን ይጠብቁ ነበር። ጎማው ጣሪያ ላይ በወጣ ዕለት ባለ ጎማው ቤት ገብተው፣ ከእንግዲህ ጎማዬ ከአጥሩ በላይ ሲያልፍ ከሩቅ ታዪኛለሽ አሏቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመኪና ሲወርዱ «አየሽኝ?» ይላሉ። ሚስትየውም «አየሁህ፤ ገና ኩርባው ላይ» ይላሉ። ገበታውም ቀርቦ ይገኛል። አሥራ ሰባት ዓመት እንዲህ ኖሩ።

«በረንዳው ባዶ መሆኑን አውቃለሁ» አሉ ባለ ጎማው። «ግን በአጥሩ ሥር ሳልፍ ጎማው ከላይ ካለ፣ የምታየኝ ይመስለኛል። እሱንም ላውርደው?»

 ከታች ሆኜ የልጅቷ ጣት የጎማውን ጥርስ እየተከተለ ሲሄድ አየዋለሁ።

«አንድ ነገር ልነግርህ ነው። እማዬን እንዳትቀየማት።»

«እሷን የምቀየምበት ሆድ የለኝም።»

«እማዬ ጎማውን አንድም ቀን አይታው አታውቅም።»

ባለ ጎማው ወደ እሷ ዞሩ።

«ዓይኗ ሩቅ አያይም ነበር፣ አባዬ። ግቢው በር ላይ የቆመን ሰው ድምፁን ካልሰማች ማን እንደሆነ አትለየውም ነበር። መነጽር ምን ያደርግልኛል እያለች ስታስቸግረን ትዝ አይልህም?»

«እኔን ግን ሁልጊዜ ኩርባው ላይ…»

«በጆሮዋ ነው። ኩርባው ላይ ሁለተኛ ማርሽ ስታስገባ ሞተሩ አንዴ ይስላል። ያንን ስትሰማ መጣ፣ ተነሺ ሳህን አቅርቢ ትለኛለች። ጎማውን ያሰርክ ዕለት ደስ ብሎህ ነበር የገባኸው። አላየሁህም ብላ ልታሳዝንህ አልፈለገችም። ከዚያ በኋላ ደግሞ መናገሪያ ጊዜው አለፈባት። እኔንም እንዳልነግርህ አስምላኝ ነበር።»

የባለ ጎማው ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ዓይኔን ወደ ዴስኬ መለስኩ። ቀና ስል እየሳቁ ነው፤ እንባቸውም ይወርዳል። 

«አርባ ኪሎ» አሉ። «አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አርባ ኪሎ ጣሪያ ላይ ተሸክሜ የዞርኩት ለማታየኝ ሴት ነው።»

«ሳታይህ ቀርታ አታውቅም» አለች ልጅቷ። «ጎማው ነው ያልታያት።»

«እሷ ዓይኗን ደበቀችኝ፣ እኔ ትከሻዬን ደበቅኩ፣ አንቺ የሁለታችንንም ይዘሽ ተቀመጥሽ። የመሐላ ቤት ነው ያለን።» በመሐረባቸው ፊታቸውን ጠረጉ። ከዚያ ጎማውን በግራ እጃቸው መታ መታ አደረጉት። «እሺ። ይውረድ። ቁመቱን ግን እኔ ነኝ የምለካው፤ ወረቀትሽ ላይ ያለው ወገብ የኔ አይደለም።»

ጎማውን እሷና እኔ አወረድነው። አርባ ኪሎ ምን ማለት እንደሆነ እስከዚያ ቀን ድረስ በቁጥር ብቻ ነበር የማውቀው። ከዚያ ባለ ጎማው ከመኪናዋ ኋላ ልብስ ሰፊ ፊት እንደቆመ ሰው ቀጥ ብለው ቆሙ። ልጃቸው ሁለት እጃቸውን ሳያማቸው እስከሚችሉት ድረስ ከፍ እንዲያደርጉ ነገረቻቸው፤ እዚያ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገች። ንድፉ ላይ ካለው በአራት ጣት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ወረቀቱን አውጥታ ምንም ሳትከራከር አራት ጣት ዝቅ አደረገችው። ወጣት ያሰበውን ሽማግሌ ሲያርመው፣ ሽማግሌ የፈራውን ወጣት ሲያቀልለት እንዲህ ነው የሚያምር ብዬ አሰብኩ፤ ዴስኬን የረሳችው መሆኑን ግን አላሳሰብኳትም።

በአራተኛው ቀን ስመለስ የዴስኬ እግር ተበይዶ፣ ክንዱም ተሠርቶ፣ ባለ ጎማው ሊሞክሩት ሲዘጋጁ ደረስኩ። ማንም እንዳይነካ አዘዙ። መኪናዋን በክሪክ አነሱ። እጀታውን ሳቡና ክንዱን ከፈቱት፤ መቆለፊያው ቀጭ ብሎ ያዘው። ዳዶዎቹን ፈትተው ጎማውን ወደ ጭናቸው አስጠጉት፤ ከጭናቸው ወደ መሬት አንከባለሉት። ቀኝ እጃቸው ከደረታቸው በላይ አንድ ጊዜ እንኳ አልወጣም። ጎማውን ቀይረው ሲጨርሱ ሰዓቴን አየሁ፤ አሥራ ስምንት ደቂቃ ሆኗል። አዋላጇም መጥታ ኖሮ አልጋውን እየሳበች አወጣችና መልሳ አስገባች። እጀታው አንድ ብቻ ስለሆነ እንደማያስቸግራት ተናግራ፣ መሐላ ስላፈረሰች ይቅርታ ጠየቀች። ባለ ጎማው ግንባሯን ሳሟት።

እነሆ አሁን ጥቅሙን ልናገር፤ መምህር ነኝና ሳልናገር ብሄድ እንቅልፍ አይወስደኝም። ጣሪያዋ ስለቀለለ መኪናዋ በጎን ተዳፋት ላይ እንደ ድሮው አትወዛወዝም፤ ይህን ባለ ጎማው ራሳቸው ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ። ፖርቶመጋላው አንዴ ተበየደ፣ ከዚያ ወዲህ አልተሰነጠቀም። መኪናዋ አሸዋ ውስጥ ብትሰምጥም ጎማው ከውጭ፣ ከእጅ አጠገብ ነው። አዋላጇ ቦታዋ ከወላዷ አጠገብ ሆነ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን፣ ሽማግሌው መደበቃቸውን ሲተዉ ትከሻቸውን ለሐኪም አሳዩ፤ አሁን በየጠዋቱ የታዘዘላቸውን እንቅስቃሴ በረንዳው ላይ ይሠራሉ። ሰው ለዕቃው ከሚጎብጥ ዕቃው ለሰው ዝቅ ቢል ምን ነውር አለው? ሌሎች ሾፌሮችም እየመጡ ያያሉ። ባለ ጎማው ሐሳቡ ከመጀመሪያም የራሳቸው እንደነበረ አድርገው ያስረዷቸዋል። የኔን ጣውላ ሳይቀር ይጠቀማሉ፤ የምሳ ዕቃውን ግን ባዶውን ነው የሚያቆሙት። ስማቸውም አልተለወጠም።

ባለፈው ሳምንት ሌላ ዴስክ ይዤ ሄድኩ። ዘበኛችን አሁንም ወገቡን ያመዋል። ከሰዓት በኋላ ነው፤ በያጇ ጭንብሏን አጥልቃ እየበየደች ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ምንም አይታይም። ድንገት ከታች፣ ከኩርባው በኩል፣ አንድ ሞተር ማርሽ ሲቀየርለት አንዴ ሳለ። ልጅቷ መበየጃውን አስቀመጠች፤ ጭንብሏን ወደ ላይ ገፋችና ወደ ቤት ገብታ ሳህን ይዛ ወጣች። በረንዳው ላይ ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ሄዳ የግቢውን በር ከፈተች።

መኪናዋ ገባች። ጣሪያዋ ባዶ ነው። ባለ ጎማው ሞተሩን አጥፍተው ቀስ ብለው ወረዱ፤ በሩን ዘጉና ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሳህን አዩት። ከዚያ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንንም ያልጠየቁትን ጠየቁ።

«አየሽኝ?»

«አየሁህ» አለች ልጃቸው። «ገና ኩርባው ላይ።»